ገመዱን ያላላው ማነው? የሪንገልማን ሙከራና «ልግመኛው» የቡድን አባል

የአመራር ሥልጠና ወስዳችሁ ወይም ስለ ቡድን ሥራ የሚያወራ መጽሐፍ አገላብጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህች ታሪክ ሳትደርሳችሁ አትቀርም። አንድ ፈረንሳዊ ሰዎችን ገመድ አስጎተተ። አንድ ሰው ብቻውን ሲጎትት በአማካይ 63 ኪሎ ግራም ሳበ። ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ሲጎትቱ 189 መሆን ሲገባው 160 ሆነ። ስምንት ሲሆኑ ደግሞ 504 ሲጠበቅ 248 ብቻ፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ከዚያ አሠልጣኙ ቁልቁል የሚወርደውን መስመር በስክሪኑ ላይ ያሳያችሁና ይደመድማል፦ «አያችሁ? ሰው በቡድን ሲሆን ይለግማል። ስለዚህ ተቆጣጠሩት።»

ታሪኩ ይጣፍጣል። የሚጣፍጠው ደግሞ ሁላችንም የምንከሰው ሰው ስላለን ነው። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ መልእክቱን አይቶ ዝም የሚል፣ ስብሰባ ላይ የማይመጣ፣ የማስረከቢያው ዕለት ማታ «ስሜን ብቻ አስገቡልኝ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ ከምርምሬ ጎን ለጎን የምህንድስና ተማሪዎችን የመመረቂያ ፕሮጀክት በማማከር አግዛለሁ። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስሞታ እሰማለሁ፦ «አምስት ሆነን ተመደብን፣ የሠራነው ግን ሁለት ነን።» ለእንዲህ ዓይነቱ ብሶት ያ ቁልቁል የሚወርድ መስመር እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ነው፤ ሳይንስም «ልክ ናችሁ» ያለን ይመስለናል።

በዚህ ጽሑፍ ያንን መስመር እንደ አንድ የምህንድስና ሰነድ እንመርምረው። ምን ተለካ? በምን ተለካ? ምንስ ከምን ጋር ተደባለቀ? ሐሳቤን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ የታሪኩ ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ሰው ያስበድላል። በነገራችን ላይ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሐንዲሱ የፈለገው ሌላ ነበር

ማክስ ሪንገልማን (1861–1931) የሥነ ልቦና ሰው አልነበረም። የግብርና መሐንዲስ ነበር፤ ሥራው የእርሻ መሣሪያዎችን መፈተሽ ነው። ከ1882 እስከ 1887 ባደረጋቸው ሙከራዎች የጠየቀው ጥያቄም የመሐንዲስ ጥያቄ ነው፦ ፈረስ፣ በሬ፣ ሞተር ወይም ሰው አንድን ሸክም ሲስብ ምን ያህል ጉልበት ይሰጣል? ብዛታቸው ሲጨምርስ? ተማሪዎችን በኃይል መለኪያ (ዳይናሞሜትር) ላይ የታሰረ ገመድ ያስጎተተው ለዚህ ነው። ውጤቱን ያሳተመው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1913 ነበር።

ጉልበቱ ለምን እንደሚቀንስ ሲያስረዳ ሪንገልማን በመጀመሪያ ያነሣው ስንፍናን አይደለም። ዋናው ምክንያት ጡንቻዎቹ እኩል ሰዓት ላይ አለመጎተታቸው ነው አለ። አንዱ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሌላው ይስባል፤ ሌላው ሲስብ የመጀመሪያው ላልቷል። ይህ ለመሐንዲስ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ከፍተኛውን ጉልበታቸውን በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ቢያወጡ፣ መለኪያው የሁለቱን ጫፍ ድምር መቼም አያነብም። ከመስመሩ 20 ዲግሪ ዞሮ የቆመ ሰው ደግሞ ነፍሱ እስኪወጣ ቢጎትት እንኳ ለገመዱ የሚደርሰው ከጉልበቱ 94 በመቶው ነው፤ ቀሪው ጎን ለጎን ጠፋ። በነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች ማንም አልለገመም። ጉልበቱ ግን የለም።

ሪንገልማን ልግመትንም አላለፈውም። የወፍጮ ዘንግ ሲያዞሩ የነበሩ እስረኞችን ጠቅሶ፣ እያንዳንዱ በጎረቤቱ እየተማመነ እጁን ከዘንጉ ጋር ብቻ ያዞር እንደነበር ጽፏል። ማለትም ሰውዬው ሁለቱንም ምክንያት አይቷል፤ ግን አንደኛና ሁለተኛ ብሎ ደረጃ ሰጥቷቸዋል።

ታዲያ አንደኛው የት ሄደ? መንገድ ላይ ቀረ። ከላይ የነገርኳችሁ 63፣ 160 እና 248 በሰፊው የታወቁት ቫልተር ሞዴ የተባለ ጀርመናዊ በ1927 ባቀረበው ዘገባ በኩል ነው። የ1979ኞቹ አሜሪካውያን ተመራማሪዎችም ከዚያ ወሰዱት። የመጀመሪያውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ፈልገው አግኝተው ምን እንደሚል በዝርዝር ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቁት ዴቪድ ክራቪትዝና ባርባራ ማርቲን ናቸው፤ እሱም በ1986። እስከዚያ ድረስ ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ እንደሚሄድ ወሬ ነበር፤ በየደረሰበት «ሰው ሰነፍ ነው» የሚለው ሲወፍር «ቅንጅት የለም» የሚለው ከሳ።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አይቫን ስታይነር የተባለ ተመራማሪ በ1972 ነገሩን በአንድ ቀላል ቀመር አስቀምጦታል፦ የቡድን ትክክለኛ ውጤት ማለት ሊደርስበት ይችል ከነበረው ውጤት ላይ በሂደት የባከነው ሲቀነስ ነው። ብክነቱ ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ቅንጅት፣ ሌላው ተነሳሽነት። ሞተር አልንቀሳቀስ ሲል ነዳጁን ወይም ማርሹን ለይተን ሳናውቅ ዝም ብለን ነዳጅ ብንጨምር ምን ይባላል? ቡድን ሲዳከም ግን ይህንኑ ነው የምናደርገው። ንግግር እናደርጋለን፣ እንቆጣለን፣ «ተነሳሽነት ይኑራችሁ» እንላለን፤ ችግሩ ማን ምን እንደሚሠራ አለመታወቁ ሆኖ ሳለ።

ዓይን ሸፍኖ መለካት

ሁለቱን ብክነቶች ለመለየት ብልህ ዘዴ የተገኘው በ1974 ነው። አለን ኢንግሃምና ባልደረቦቹ ዓይኑን የተሸፈነ ተሳታፊ ገመዱን ከፊት ሆኖ እንዲይዝ አደረጉ። ከኋላው ሌሎች እንዳሉ ያምናል፤ እነሱ ግን ከተመራማሪዎቹ ጋር የተስማሙ ሰዎች ስለሆኑ ገመዱን አይነኩም፤ የሚጎትቱ ያስመስላሉ እንጂ። እንግዲህ እዚህ የቅንጅት ችግር ሊኖር አይችልም፤ የሚጎትተው አንድ ሰው ነዋ! ጉልበቱ ከቀነሰ ምክንያቱ ልቡ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቀነሰም፤ ሰውዬው ብቻውን ካወጣው 15 በመቶ ገደማ። ደግሞም ቡድኑ ሦስት ሰው ከደረሰ በኋላ «ብዛቱ» ቢጨመርም ልግመቱ ከዚያ አልባሰም። ቁልቁል የሚንደረደረው መስመር እዚህ የለም፤ አንድ ደረጃ ወርዶ የሚቆም መስመር ነው ያለው።

ከዚያ በ1979 ቢብ ላታኔ፣ ኪፕሊንግ ዊሊያምስና ስቲቨን ሃርኪንስ ነገሩን ከገመድ ወደ ጩኸት አዞሩት። ተማሪዎችን ብቻቸውንና በቡድን አስጮኹ፣ አስጨበጨቡ፤ የድምፁን ግፊት በማይክሮፎን ለኩ። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ከችሎታቸው ድምር 71 በመቶ፣ አራት ሲሆኑ 51፣ ስድስት ሲሆኑ 40 በመቶ ብቻ አወጡ። «የልግመት ማረጋገጫ» ተብለው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው።

እስቲ ካልኩሌተራችሁን አውጡ። የድምፅ ግፊት እንደ ሎሚ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ አይደመርም። የስድስት ሰዎች ጩኸት ሞገዶች ጫፋቸው ካልገጠመ (ስድስት ሰው ዝም ብሎ ሲጮኽ ደግሞ አይገጥምም) አጠቃላይ ግፊቱ የሚያድገው በሰዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ነው። ለስድስት ሰው 2.45 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 41 በመቶ። ለአራት ሰው 50 በመቶ፣ ለሁለት 71 በመቶ። አሁን አስተያዩት፦ ማንም ምንም ሳይለግም ፊዚክሱ ብቻውን የሚሰጠን 71፣ 50፣ 41 ነው። ሙከራው የዘገበው 71፣ 51፣ 40።

ተመራማሪዎቹን ላለማማት፣ ድምፅ ዝም ብሎ እንደማይደመር ያውቁ ነበር። ሁለተኛውን ሙከራ የሠሩትም ለዚሁ ነው፤ እሱም በእኔ ግምት የጽሑፉ ምርጥ ክፍል ነው። የተሳታፊዎቹን ዓይን ሸፈኑ፣ ጆሯቸው ላይ የሰዎች ጩኸት የተቀዳበት ማዳመጫ አደረጉ፣ ከዚያም «አሁን ስድስት ሆናችሁ ትጮኻላችሁ» እያሉ አንዱን ብቻውን አስጮኹት። በእውነተኛ የስድስት ሰው ቡድን ውጤቱ 36 በመቶ ሲሆን፣ በይስሙላው ቡድን ግን 74 በመቶ ሆነ። እንግዲህ አስሉት። ከመቶው 64 ጠፍቷል። ከዚህ ውስጥ 26ቱ ሰዎቹ ስለለገሙ ነው። ቀሪው 38 የቅንጅትና የፊዚክስ ነው። ልግመት አለ፤ ግን ከጠፋው ውስጥ ከግማሽ በታች ነው።

እናም አሠልጣኙ መስመሩን ሲያሳያችሁ የትኛውን መስመር እንደሚያሳይ ጠይቁ። ሁለቱ ብክነቶች የተደባለቁበት ከሆነ፣ የሚነግራችሁ ስለ ሰው ባሕርይ ብቻ አይደለም።

ሙከራው «ሰነፍ ሰው» አላገኘም

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። እነዚህ ሙከራዎች የተጠቀሱበት ሥልጠና ሁሉ «አስቸጋሪ አባላትን እንዴት ማነሳሳት ይቻላል» ወደሚል ምዕራፍ ይሻገራል። እንደዚያ ለመሻገር ግን ድልድይ የለም። ለምን? ሙከራው ያነጻጸረው ሰነፍ ሰዎችን ከታታሪ ሰዎች ጋር አይደለም። ያነጻጸረው አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ነው። ብቻውን ሲሆን ጉሮሮው እስኪደርቅ የጮኸው ልጅና በቡድን መሀል ድምፁን የቀነሰው ልጅ አንድ ልጅ ነው። ባሕርዩ አልተቀየረም፣ አስተዳደጉ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሙከራ በቀጥታ የሚገኘው ትምህርት «ልግመኛ ሰው አለ» አይደለም፤ «ልግመኛ የሚያደርግ አቀማመጥ አለ» ነው። ሥልጠናው ከዚህ መረጃ ተነሥቶ በሰው ላይ ስም ሲለጥፍ፣ መረጃው የሚለውን ገልብጦ ነው የሚያነበው።

ሌላም ነገር አለ። ዓይናቸው የተሸፈነ፣ ጆሯቸው የተደፈነ፣ የማይተዋወቁ፣ ነገ የማይገናኙ ሰዎች ያለ ምንም ዓላማ ሲጮኹ «ቡድን» ይባላሉ? ቅንጅትን ከተነሳሽነት ለመለየት ሲባል ቡድንን ቡድን የሚያደርገው ሁሉ ከክፍሉ ወጥቷል። ለመለካት ጥሩ ነው፤ ለመደምደም ግን ጠባብ ነው። ስቲቨን ካራውና ኪፕሊንግ ዊሊያምስ በ1993 78 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ያዩትም ይህንኑ ይመስላል። ልግመት በአጠቃላይ አለ፤ ነገር ግን ሥራው ትርጉም ሲኖረው፣ አባላቱ ሲተዋወቁ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ሲገመገም ወይም ማንም የማይተካው ሲሆን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚገርሙኝ ግን ሁለት ጥናቶች ናቸው። ሁለቱም ሰው ከጎኑ ያለው ባልደረባው ደካማ ውጤት ሲያመጣ ምን ያደርጋል ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሳቸው ግን የሚጣላ ይመስላል። ኖርበርት ከር በ1983 እንዳሳየው፣ ባልደረባው መሥራት እየቻለ እንደማይሠራ ያየ ሰው ራሱም ይለግማል። ሞኝ መሆን አልፈልግም ይላል፤ ሽልማቱ ቢቀርበት እንኳ። ዊሊያምስና ካራው በ1991 ያገኙት ደግሞ፣ ባልደረባው ጥሩ ውጤት ያመጣል ብሎ የማይጠብቅ ሰው፣ ሥራው ለእሱ ዋጋ ያለው ከሆነ ከወትሮው የበለጠ እንደሚተጋ፣ የጎደለውን እንደሚሞላ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ከውጭ የሚታየው አንድ ነው፤ ጎረቤቴ አልሠራም። የተለያየው ለዚህ የምንሰጠው ትርጓሜ ነው። «አልቻለም» ስንል እጃችንን እንዘረጋለን፤ «እየቻለ ተወ» ስንል እጃችንን እናጣጥፋለን። አያችሁ አይደል ያ ስክሪን ላይ ያለው መስመር የሚያመጣውን ጣጣ? ለዝምታ ሁሉ አንድ ትርጓሜ ብቻ ይሰጠናል፤ «እየቻለ ተወ።» ያንን ያመነ ቡድን ደግሞ በከር ሙከራ እንደታየው ራሱም መለገም ይጀምራል። አንድ ሰው ዝም ስላለ አምስቱ ይላላሉ። ያ ዝም ያለው ልጅ ሶፍትዌሩን ከፍቶት የማያውቅና ይህን ለመናገር ያፈረ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፕ የሌለው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ስብሰባ ሐሳብ አቅርቦ «እሱን ተወው» ተብሎ የቀረ ሊሆንም ይችላል። ወይም በቃ፣ እውነትም ልግመኛ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ግን ከነዚህ የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም።

ቁጥጥር ምን ይለካል?

«ሁሉም የየራሱ ሥራ ይታይ፣ ከዚያ ማንም አይለግምም» የሚለው መፍትሔ መሠረት አለው። እነዚያው ዊሊያምስ፣ ሃርኪንስና ላታኔ በ1981 ለተሳታፊዎቹ «የእያንዳንዳችሁ ድምፅ ለብቻ ይመዘገባል» ሲሏቸው ልግመቱ ጠፋ። ይህን መካድ አይቻልም፤ ለመምህራንም ጠቃሚ ነው። አምስት ስም ባለበት አንድ ሪፖርት ላይ አንድ ውጤት የሚሰጥ ኮርስ ልግመትን ራሱ እየዘራ ነው።

ችግሩ ጩኸት በማይክሮፎን ሲለካ፣ የሚለካውና የሚፈለገው ነገር አንድ መሆናቸው ነው። በእናንተ ፕሮጀክት ግን ምን ልትለኩ ነው? ስብሰባ ላይ መገኘትን? የተጻፈውን ኮድ መስመር ብዛት? ግሩፑ ላይ የተላከውን መልእክት? ሁሉም ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ስለዚህም ሁሉም ያለ ሥራ ሊጨምሩ ይችላሉ። እድራችንን አስቡት። ለቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፤ ስም የሚጠራው ሰው መምጣቱን ያውቃል፤ ማዘኑን ግን አይለካም። እድር ይህ ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገው ድንኳን የሚተክልና ሬሳ የሚሸከም ሰው እንዲገኝ ነው። የዲዛይን ፕሮጀክት ግን በመገኘት ብቻ አያልቅም። የሦስት ቀን ሐሳብ የጠየቀች አንዲት የቀመር ማስተካከያ፣ ከሁለት መቶ መስመር የተገለበጠ ኮድ በልጣ ልትገኝ ትችላለች። ቁጥጥሩ ትንሿን ቀጥቶ ትልቁን ሊሸልም ይችላል።

አንዱ ጎታች፣ አምስቱ ተጎታች

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዓመታት የተሠራበትን «1ለ5» አደረጃጀት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ወይም ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ በውጤቱ ሻል ያለው ተማሪ ሌሎቹን ይደግፋል። እንደ ንድፍ ስናየው ግን አንድ ስንጥቅ አለው። ከርና ስቲቨን ብሩን በ1983 እንዳሳዩት፣ ሰው የሚለግመው ስለማይታይ ብቻ አይደለም፤ ጥረቱ ለውጥ እንደማያመጣ ሲያውቅም ይለግማል። የቡድኑ ውጤት በጎበዙ ውጤት የሚወሰን ከሆነ ደካማው ይተወዋል፤ በደካማው ውጤት የሚወሰን ከሆነ ደግሞ ጎበዙ ይተወዋል። ስለዚህ ገና ሲጀመር አንዱን «ጎታች» ሌሎቹን «ተጎታች» ብለን ከሰየምን በኋላ አሳይመንቱን ለቡድኑ በጅምላ ብንሰጥ፣ ተጎታቾቹ ቢቀመጡ አይግረማችሁ። አያስፈልጉም ተብለዋላ!

ግን ይኸው ነገር ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ኦቶ ኬለር የተባለ ጀርመናዊ በ1920ዎቹ የበርሊን የቀዘፋ ክለብ አባላትን ሁለት ሁለት አድርጎ ክብደት ደጋግመው እንዲያነሡ አደረገ። ክብደቱን ብቻውን የሚችለው የለም፤ አንዱ ከተወ ሥራው ያቆማል። በዚህ ጊዜ ደካማው ለብቻው ከሚችለው በላይ ጸና። በተለይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መጠነኛ ሲሆን። ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ ጥቅሙ ይቀንሳል። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፤ ግን እዚህ ያለ እሱ ሥራው አይሆንም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ምሳሌው አንድ ሰው አንድ ሎሚ እንደያዘ አድርጎ ነው ያሰበው፤ አርባ ዘጠኙ በአንድ ሰው ከረጢት ውስጥ ከሆኑ ግን ጌጡ ይቀራል። የገጠሩን ወንፈል ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ወንፈል ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ነው፤ የሰጠኸው የጉልበት ቀን በተራህ ይመለስልሃል። ማን እንደመጣ፣ እንዴት እንደሠራ ሁሉም በዓይኑ ያያል። ነገም መገናኘት አለ። በደቦ ላይ አብሮ የሚዜመው ዘፈን ደግሞ እጅን ከእጅ ያገጥማል፤ የሪንገልማን አንደኛው ምክንያት፣ እኩል ሰዓት አለመጎተት፣ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነው። ገበሬ ከእኛ የተለየ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በወንፈልም አኩራፊና ዘግይቶ መጪ ይኖራል። ሥራው የተነደፈበት መንገድ ግን ከ1979ኙ ክፍል ተቃራኒ ነው። ዓይን አልተሸፈነም፣ ጆሮ አልተደፈነም።

እና እናንተ ቡድን ስትመሩ

በቅርቡ የቡድን ፕሮጀክት ከተሰጣችሁና አንዱ አባል ከጠፋባችሁ፣ ከመናደዳችሁ በፊት ብክነቱ የየትኛው ቤት እንደሆነ ለዩ። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው።

መጀመሪያ ቅንጅቱን። ይህ ሰው የሚሠራው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግራችሁ ይችላል? እናንተስ ትችላላችሁ? «ሪፖርቱን አብረን እንሥራ» ሥራ አይደለም። «የውኃ ፓምፑን የኃይል ፍላጎት አስልተህ እስከ ሐሙስ ለሳራ ስጣት፣ እሷ በዚያ ላይ ተመሥርታ የፀሐይ ፓነሉን ትመርጣለች» ሥራ ነው። ይህኛው ስም አለው፣ ቀን አለው፣ የሚጠብቀው ሰውም አለው።

ቀጥሎ መቻሉን። ይህን ግሩፕ ላይ አትጠይቁ። ለብቻው ደውሉ። «ለምን አትሠራም?» ሳይሆን «የቱ ጋ ነው የያዘህ?» በሉት። በሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት እዚህ አገር ቀላል አይደለም፤ ለብቻው ግን ብዙ ሰው ይናገራል።

ከዚያ አስፈላጊነቱን። ይህ ሰው ነገ ቢጠፋ ፕሮጀክቱ ምን ይጎድለዋል? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ እሱም ያውቀዋል። ያን ጊዜ የሚቀየረው የሥራው ክፍፍል ነው። ትንሽ ትሁን፤ ግን የእሱ ብቻ የሆነች፣ ሌላው ሰው ሊቀጥል የማይችልባት ክፍል ስጡት። በጣም ከባድ አታድርጉት፤ የቀዛፊዎቹን መጠነኛ ልዩነት አስታውሱ።

ሦስቱንም አድርጋችሁ፣ ሥራው ግልጽ ሆኖ፣ መቻሉን ነግሯችሁ፣ ድርሻው አስፈላጊ ሆኖ፣ አሁንም ካልሠራስ? እንግዲያው ልግመት ነው፤ በስሙ መጥራት ይገባል። የእሱን ጨምሮ መሥራት ደግነት ይመስላል እንጂ በሌሎቹ ላይ የሚጫን ሸክም ነው። ለመምህሩ ማን ምን እንደሠራ በጽሑፍ አሳውቁ፤ እሱም አስቀድሞ ያውቀው። ይህ ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው። ያ ታሪክ የመጀመሪያው አድርጎት ነው ያበላሸው።

የምህንድስና መምህራኖቻችን ንባቡ ሲዛባ ከማንም በፊት መለኪያውን ፈትሹ ይሉናል። የሪንገልማን ዳይናሞሜትር የገመዱን ውጥረት ብቻ ነው የሚያነበው፤ ማን በየትኛው ቅጽበት እንደሳበ፣ ማን ጠማማ እንደቆመ፣ ማን ተስፋ እንደቆረጠ አይመዘግብም። እሱ ራሱ ይህን አውቆ፣ ቁጥሩን ከጻፈ በኋላ ምክንያቶቹን ለይቶ አስቀምጧል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን መስመር ስክሪን ላይ የምናሳይ ሰዎችም ቢያንስ ሁለቱን ምክንያቶች አብረን እናሳይ። እስቲ በሚቀጥለው ሥልጠና እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ «ይህ ቁጥር ከቅንጅት የባከነውን ይጨምራል ወይስ ልግመቱን ብቻ ነው?»